ሠላሳ አምስት ቀዳዳ ያለው ዳሽቦርድ

ዳሽቦርዱ የመጣው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነው። ባለቤቱ፣ አንድ ሽማግሌ ሹፌር፣ ከኋላ ጭነት ላይ አልወረወሩትም፤ ጋቢና ውስጥ፣ ከጎናቸው ባለው መቀመጫ ላይ አቁመው በቀበቶ ጠፍረው ነው ሱዳን ውስጥ ከሀዋታ መስመር እስከ ገዳሪፍ ከተማ ያመጡት። ራሳቸው ግን ቀበቶ አላሰሩም። መኪናዋም በዚህ ተቀይማ መንገዱን ሙሉ ስትጮህባቸው እንደመጣች ገና ከመውረዳቸው ነገሩኝ።

"ይቺ መኪና ትቆጣለች። ያችኛዋ ሠላሳ ዓመት ስነዳት አንድ ቀን አልመለሰችልኝም" አሉ።

ያችኛዋ ማለት የድሮ ቦክሲያቸው ናት። ቦክሲ እኛ አገር ፒክአፕ ለሚባለው መኪና ሱዳኖች የሰጡት ስም ነው። ክረምት ላይ ጭቃ ውስጥ ሻሲዋ ለሁለት ተሰብሮ አረፈች። አዲሲቱን የገዙት በጦርነቱ ከካርቱም ተፈናቅሎ ከመጣ ቤተሰብ ነው። ነጭ ናት፤ ታበራለች፤ ከመሪዋ ጎን እንደ ስልክ በጣት የሚነካ መስታወት አላት። እኔ እሷን አይቼ ሳልጠግብ ሽማግሌው ብርድ ልብሱን ገለጡና ፀሐይ የሰነጣጠቀውን የድሮዋን መኪና ሰማያዊ ዳሽቦርድ አሳዩኝ።

"አዲሱን አውጣና ይህን ክተትልኝ" አሉ።

"አባባ፣ ሰው አሮጌ አውጥቶ አዲስ ያስገባል እንጂ…"

"ሰው እንደፈለገው ያድርግ። እኔ የመጣሁት ለራሴ ነው።"

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ ሱዳኖች ባለሙያ ለማለት ኡስታ ይሉኛል። ወላጆቼ በረሃቡ ዘመን ከጎንደር በእግራቸው ተሻግረው እዚህ ወለዱኝ፤ ሲናዒያ በሚባለው የጋራዦች ሰፈር ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። ብሎን በግማሽ ጠብቆ ካየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሚስቴ ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል ሆን ብላ ታጣምምና እስካቃናው ድረስ ቆማ ትስቅብኛለች። በእነዚህ ሃያ ዓመታት "ተሳሳትኩ" ስል የሰማኝ ሰው የለም። ሥራ ከተበላሸ ወይ ዕቃው ጥራት የለውም፣ ወይ መብራት ሄዶ መጥቷል፣ ወይ ባለ መኪናው ነካክቶታል። ሰፈሩ ይህን ጠባዬን ያውቃል፤ ይስቅብኛልም፤ መኪናውን ግን ለእኔ ያመጣል።

እናም አሮጌውን ዳሽቦርድ ጠረጴዛዬ ላይ አጋድሜ ቁልቁል ተመለከትኩት። አናቱ ላይ፣ ከፓራብሬዛው ሥር በሚውለው በኩል፣ ሠላሳ ትንንሽ ቀዳዳዎች ከግራ ወደ ቀኝ ተደርድረዋል። ከእነሱ ትንሽ ፈቀቅ ብለው ደግሞ አምስት ብቻቸውን አሉ። ከሠላሳዎቹ በአንዱ ውስጥ የጣት አንጓ የምታህል የሰሊጥ አገዳ ተሰክታለች። አሥራ ሁለተኛው ቀዳዳ ዙሪያው በቀይ ቀለም ተቀብቷል።

"የባለቤቴ የጥፍር ቀለም ነው" አሉ ሽማግሌው። "ሳላስፈቅድ ስለወሰድኩ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችኝም።"

ነገሩ የቀን መቁጠሪያ ነው። በየማለዳው ሞተር ከማስነሣታቸው በፊት አገዳዋን ነቅለው አንድ ቀዳዳ ወደፊት ይሰኳታል። ሠላሳው የወሩ ቀናት ናቸው፤ አምስቱ የጳጉሜን። ቀዩ የሚካኤል ነው። ወሩንስ በምን ያውቁታል ብዬ ብጠይቃቸው፣ ወሩን የማያውቅ ሰው መኪና መንዳት የለበትም አሉኝ።

ሽማግሌው በየዓመቱ ከመተማ በኩል የሚሻገሩትን የወቅት ሠራተኞች፣ እኛ ሳሉግ የምንላቸውን፣ አንድ ሰፊ የሰሊጥ እርሻ ላይ ያደርሳሉ፤ አጨዳው እስኪያልቅም ውኃና ሰው ሲያመላልሱ እዚያው ይከርማሉ። ባለ እርሻው ቀልደኛ ሱዳናዊ ነው። በፊት በፊት ሠራተኞቹ ዛሬ አቦ ነው፣ ከነገ ወዲያ ሥላሴ ነው እያሉ ሲቀመጡበት አንድ ቀን ጥምጣሙን መሬት ላይ ጣለና "የእናንተ ቅዱሳን ከእኔ ሰሊጥ በዙ!" ብሎ ጮኸ። ተማከሩ። በአጨዳው ወቅት አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን ሊሰጥ ተስማማ፤ ሠራተኞቹም የኅዳር ሚካኤልን መረጡ። መች ነው ሲላቸው ግን ግማሹ ነገ ነው አለ፣ ግማሹ ከነገ ወዲያ ነው አለ። አንዱ ጮሌ ደግሞ የስልኩን ቀን እያዞረ ሚካኤልን በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ አሳየው። በዚህ መሃል ነው ባለ እርሻው የሽማግሌውን ዳሽቦርድ ያየው። ቀዳዳዎቹን በጣቱ ቆጠረ፤ በየማለዳው እየመጣም ሲሰኩ አያቸው። በመጨረሻ "ይህ ጠብሎን ያለውን እቀበላለሁ፤ ሰው የሚለውን አልቀበልም" ብሎ ቃል ሰጠ። ጠብሎን ዳሽቦርዱ ነው።

"ስለዚህ" አሉኝ ሽማግሌው፣ "ጠብሎኑ መኪናዋ ላይ ከሌለ ለልጆቹ ሚካኤል የለም። አርባ ሰው ነው። ሰሊጡ ደግሞ ፈንድቶ ሊረግፍ ደርሷል፤ ምክንያት ካገኘ አንድ ሰዓት አይሰጣቸውም።"

"አዲሱ ላይ ሠላሳ አምስት ቀዳዳ በአሥር ደቂቃ እበሳልዎታለሁ እኮ።"

"ትበሳለህ። እሱም 'ይህንን ትናንት ነው የበሳችሁት' ይላል። እነዚህን ስንጥቆች አንድ በአንድ ነው የሚያውቃቸው።" ከዚያ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። "ለሚካኤል ሰባት ቀን ቀርቶታል። አደራህን።"

እኔ ያን ጊዜ የማስበው ስለ ስፋቱ ስለነበር ቀኑን አልቆጠርኩም።

የአዲሲቱ ጋቢና ከአሮጌው ዳሽቦርድ በአንድ ስንዝርና በአራት ጣት ይሰፋል። የብሎን ቀዳዳዎቻቸው የተጣሉ ጎረቤቶች ይመስል ፊት ለፊት አይተያዩም። የአሮጌው የፍጥነት ቆጣሪ የሚሠራው ከማርሽ በሚመጣ ገመድ ነበር፤ አዲሲቱ ገመድ የሚባል ነገር አታውቅም፣ ሁሉ ነገሯ ቀጭን ሽቦ ነው። የአሮጌውን ፊት በመጋዝ ከፍቼ የአዲሱን ቆጣሪዎች ከኋላው አስገባሁ። የመሪው ግንድ እንዲያልፍ ከሥሩ ጎረድኩለት። በስተቀኝ በኩል የተረፈውን ክፍተት ከአናጢው ጎረቤቴ በለመንኩት እንጨት ሞላሁና ሰማያዊ ቀባሁት። በግጭት ጊዜ የሚነፋው የአየር ከረጢት፣ ኤርባጉ፣ ቦታ ስላጣ ቀረ፤ በዚህ ምክንያት ሽማግሌው ቀበቶ እንዲያስሩ አስምያቸዋለሁ።

ሽቦዎቹን መጀመሪያ ሳገናኝ ክላክስ ስጫን የዝናብ መጥረጊያው ሄደ። የቀኝ ፍሬቻ ሳበራ የጋቢናው መብራት ብልጭ ድርግም አለ። ወደኋላ ማርሽ ሳስገባ ራዲዮው ዜና ማንበብ ጀመረ። በጣት የምትነካውን መስታወት ሽማግሌው "ከፊቴ አርቃት" ስላሉኝ መሳቢያው ውስጥ ደበቅኳት፤ እዚያም ሆና ስለ ቀበቶው መጮኋን አላቆመችም። አንድ ባንድ አስታረቅኳቸው። የነዳጁ ቆጣሪ ብቻ አሻፈረኝ አለ። ታንከሩ ባዶ ሆነ አልሆነ መርፌው ሙሉ ላይ ተገትሮ ቀረ። እሱን ሌላ ቀን እርሻው ድረስ መጥቼ አስተካክለዋለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

ሽማግሌው ከተማ ውስጥ ዘመድ ቤት ነበር ያረፉት። በየማለዳው ጋራዡን ስከፍት በሩ ላይ አገኛቸዋለሁ። እኔን ሰላም ከማለታቸው በፊት ቀጥ ብለው ወደ ዳሽቦርዱ ይሄዳሉ። ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ አንጀቱ ተዘርግፎ፣ ግማሹ ተቆርጦ እያለ አገዳዋን ነቅለው ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ይሰካሉ። ከዚያ ሻይ ሊጠጡ ይሄዳሉ። የትኛው ቀዳዳ እንደነበረች አንድም ቀን ልብ አላልኩም።

በአምስተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ሥራውን ጨረስኩ። ቁልፉን ሳዞር ሁሉም ነገር በየቦታው በራ። ደስታዬ ልክ አጣ። ከዚያ ሰማያዊ የቀባሁትን እንጨት አየሁት። አምስቱ የጳጉሜን ቀዳዳዎች የሚያልቁት እሱ ሲጀምር ነው። በአሮጌው መኪና ላይ ቦታው እዚያ ስላለቀ ሽማግሌው ስድስተኛዋን ቀዳዳ አልበሱም። ጳጉሜን ግን በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ ስድስት ትሆናለች! ይህ ጉድለት ዓይኔን ወጋው። መሰርሰሪያዬን አመጣሁና ስድስተኛዋን ቀዳዳ ከአምስቱ እኩል አድርጌ በሳኋት። ማንም አላዘዘኝም።

መሰርሰሪያው ሲንቀጠቀጥ አገዳዋ ከቀዳዳዋ ዘልላ መቀመጫው ሥር ወደቀች።

ደንግጬ አነሣኋት። የት ነበረች? ስምንተኛው ላይ? ሰባተኛው? አላስታወስኩም። ግን ስልክ የያዘ ሰው ምን ያስጨንቀዋል? የሀበሻውን ቀን መቁጠሪያ ከፈትኩ፤ ኅዳር ስምንት ይላል። ሽማግሌው ሳይደክሙ የዛሬውን እኔ ልስካላቸው ብዬ ስምንተኛው ቀዳዳ ውስጥ ሰካኋትና እጄን ታጠብኩ።

ሽማግሌው መጡ። ጋቢና ገብተው ተቀመጡ። መሪውን ዳሰሱ፣ ሰማያዊውን እንጨት ዳሰሱ፣ ፈገግ አሉ። እጃቸውን ወደ አገዳዋ ሰደዱና ተገልብጣ መሰካቷን አይተው መሃል ላይ ቆሙ።

"ማን ነካት?"

"ወድቃ እኔ ነኝ የመለስኳት። የዛሬውንም ሰክቼልዎታለሁ፤ ስምንት።"

"ዛሬ ዘጠኝ ነው።"

ስልኬን አሳየኋቸው። አላዩትም።

"ስልክህ ልክ ነው" አሉ። "ስምንት እንደሆነማ አውቃለሁ። ጠብሎኑ ላይ ግን ዘጠኝ ነው።"

ስልኬን መልሼ አየሁት። ሽማግሌው ጎናቸው እንድቀመጥ ጠሩኝና በሩን አዘጉኝ። በአንድ የሉቃስ ዓመት፣ ጳጉሜን ላይ፣ ወባ ጥሏቸው ነበር። ለስድስተኛዋ ቀን ሲሉ ሁልጊዜ አገዳዋን አምስተኛው ላይ ሁለት ቀን ያቆሟት ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ቀኗን በትኩሳት ዘለሏትና አዲሱን ዓመት በአንድ ቀን ቀድመው ጀመሩ። ስህተቱን ያወቁት የዚያ ዓመት የኅዳር ሚካኤል ሲደርስ ነው። ጠብሎኑ ሚካኤል ነው አለ፤ ሠራተኞቹ ቀኑን ሙሉ ተኙ። በነጋታው የከተማው ሀበሻ ነጭ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ባለ እርሻው አየ።

"'ይህስ ምንድን ነው?' ብሎ መጣብኝ" አሉ ሽማግሌው። "'እናንተስ ዒዳችሁ በጨረቃ አይደል? አንዱ አገር ዛሬ፣ ሌላው አገር ነገ የሚያከብርበት ዓመት የለም?' አልኩት። 'አለ ወላሂ' አለ። 'የእኛም እንደዚያ ነው፤ የበረሃው ሚካኤል ዛሬ፣ የከተማው ነገ' አልኩት። አሰብ አደረገና ሁለቱንም ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ በመጀመሪያው ቀን ይተኛሉ፤ በሁለተኛው ቀን እኔ ጭኜ ቤተ ክርስቲያን አደርሳቸዋለሁ። ድሮ አንዷን ቀን ወይ ተኝተው በዓሉ ያመልጣቸው ነበር፣ ወይ ሄደው ሳያርፉ ይመለሱ ነበር። አንተ ዛሬ አንዷን ቀን ልትቀማቸው ነበር።"

"ልክ ነው ያደረግኩት እኮ!"

"ልክ ነው።"

"እኔ በገዛ እጄ ስህተት አልሰካም አባባ። ራስዎ ይስኩት።"

"ልሰካው ነው እንጂ ምን ላደርግ ነው" ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ ግን መልሰው ጭናቸው ላይ አኖሩት። "ወጣት ሆኜ መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ ሚካኤል ዛሬ ነው ብንል ማን ይመነን? ምን እናሳይ? ስናጭድ ዋልን። የአገሬ ልጅ በትኩሳት ከጎኔ ነዶው ላይ ተደፋ። እረፍት ላይ ያለ መስሎን ተውነው። ማታ ስናነሣው ሞቷል። እነዚህን ቀዳዳዎች የበሳሁት መኪና የገዛሁ ቀን ነው።"

ልቤ ተሰበረ፤ ግን ያ የተረገመ ጠባዬ አሁንም "ስምንት ነው" ይለኝ ነበር።

በዚህ መሃል የመኪናዋ መስኮት ተንኳኳ። ባለ እርሻው ነው፤ እሱም የድሮ ደንበኛዬ ነው። ለሠራተኞቹ ውኃ የምታመላልስ መኪና ቸግሮት ራሱ ሊወስዳት መጥቷል። በሩን ከፍቶ ሰላምታውን ሳይጨርስ አንገቱን ወደ ዳሽቦርዱ አሰገገና በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ከአገዳዋ እስከ ቀዩ ቀዳዳ አራት።

"አራት!" አለ። "አሁን ሻይ የጠጣሁባት ሀበሻም የከተማው ሚካኤል አራት ቀን ቀርቶታል አለችኝ። ያ ዓም፣ አጎቴ፣ ዘንድሮ ጨረቃው አንድ ሆነላችሁ! አልሐምዱሊላህ፣ አንድ ሚካኤል!" ሰሊጡ ከመፈንዳቱ በፊት ስላገኘው አንድ ቀን እጁን እያፋተገ ሳቀ።

ሽማግሌውስ ምን ሊሉ ይችላሉ? የዛሬውን ገና አልሰካሁም ቢሉ እንኳ፣ ሰው የሚለውን አልቀበልም የሚል ቃል አለ፤ ራሳቸውም የተስማሙበት ነው። ጠብሎኑ ተናግሯል። እኔን ብቻ አዩኝ። ልመና አልነበረበትም አስተያየታቸው፤ አርባ ሰው ከኋላ ጭነው ሽቅብ የሚወጡ ሹፌር ዓይን ነበር።

"ያ ኡስታዝ፣ ጌታዬ" አልኩት ባለ እርሻውን። "አገዳዋ ያለችው ልክ ባልሆነ ቦታ ነው።"

"እንዴት?"

"ስሠራ ጣልኳት። ስመልሳት አንድ ቀዳዳ ወደኋላ ሰካኋት።" በጣቴ ዘጠነኛውን ቀዳዳ አሳየሁት። "ተሳሳትኩ።"

"ማን?"

"እኔ።"

"አንተ? አንተ ተሳሳትክ?" ባለ እርሻው ከጋቢናው ወጣና ማዶ ሻይ ወደሚጠጡት መካኒኮች ዞሮ በሙሉ ድምፁ ጮኸ። "ስሙ! ኡስታው ተሳሳትኩ አለ!"

ሲናዒያ ቀጥ አለ። መዶሻ ቆመ። አንዱ ከመኪና ሥር አንገቱን አውጥቶ አየኝ። ጎረቤቴ አናጢው መጋዙን እንደያዘ መጥቶ "እውነት ነው?" አለኝ። እውነት ነው አልኩት። ፊቴ እንደ ምድጃ ይነድ ነበር። ወደ ጋቢናው ጎንበስ ብዬ አገዳዋን ከስምንተኛው ነቅዬ ዘጠነኛው ውስጥ ሰካኋት፤ እንዳትወድቅም በአውራ ጣቴ ጠበቅ አደረግኳት። በሃያ ዓመት ውስጥ አውቄ ያሳሳትኩት የመጀመሪያው ነገር ነው።

ባለ እርሻው ተመልሶ ቆጠረ። ሦስት። አዝኖ ትከሻውን ሰበቀ።

"ኸላስ፣ በቃ፣ አንተ ተሳሳትኩ ካልክማ ሁለት ሚካኤል" አለ። ወዲያው ደግሞ ሳቀብኝ። "እስከ ዘጠኝ መቁጠር የማይችል ሰው ሽቦ እንዴት ታምኖ ይሰጠዋል?"

ይህች ንግግር እስከ ዛሬ ሰፈሩ ውስጥ ትዞራለች። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር "እስከ ዘጠኝ የማይቆጥረውን ጥሩት" ይላሉ። ያናድደኛል፤ አልለመድኩትም። ሚስቴም ሰምታ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አሁን በሁለት በኩል ታጣምመዋለች።

ሽማግሌው ሊሄዱ ቀበቶ ሲያስሩ ዓይናቸው በሰማያዊው እንጨት ላይ ያለችው ስድስተኛዋ ቀዳዳ ላይ አረፈ።

"ይቺስ?"

"የጳጉሜን ስድስት ናት። ቦታ ስለተረፈ…"

"አንተ ልጅ እኔን ልታስተካክል ቆርጠህ ነው የተነሣኸው!" ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ልድፈናት ብላቸው እንቢ አሉ። ከእኔ በኋላ የሚነዳት ሰው ልክ መሆን ቢያምረው ትጠቅመዋለች ብለው ክላክሱን ነፉ፤ የዝናብ መጥረጊያው አልተንቀሳቀሰም። ሄዱ።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ስልኬ ኅዳር አሥራ አንድ ሲል፣ ቃሌን ልፈጽም ካቻቢቴዬንና ፒንሳዬን ይዤ እርሻው ድረስ ሄድኩ። የነዳጁ ቆጣሪ ሦስቱንም ሌሊት ሲያሳክከኝ ነበር። የደረስኩት ረፋዱ ላይ ነው። ቦክሲዋ ከአንድ ግራር ሥር ቆማለች፤ አገዳዋ ቀዩ ቀዳዳ ውስጥ ናት። ሽማግሌው ከጎማው ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ሲያዩኝ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

ሰዎቹ ተኝተዋል። ግማሹ ከመኪናዋ ሥር፣ ግማሹ በሰሊጡ ነዶ ጥላ ውስጥ፣ እንደወደቁ ተኝተዋል። አንዱ እግሬ አጠገብ ነበር፤ ወጣት ነው፤ መዳፎቹ ወደ ላይ ተዘርግተዋል፤ ጣቶቹ በሰሊጥ አገዳ ተሰነጣጥቀው በጨርቅ ተጠቅልለዋል። አፉን ከፍቶ በኃይል ያንኮራፋል። ስንት ዓመት እዚህ አገር ስኖር ሰሊጥ አጫጅ በቀን ተኝቶ አይቼ አላውቅም ነበር።

ወደ ጋቢናው ገባሁ። መርፌው እንደተለመደው ሙሉ ላይ ተገትሯል። ካቻቢቴዬን አወጣሁና የመጀመሪያው ብሎን ላይ አኖርኩት። ያ ብሎን ሲፈታ እንደሚንጫረር አውቃለሁ፤ ያጠበቅኩት እኔ ነኝ። መልሼ ኪሴ ከተትኩት፤ በሩንም ሳልዘጋው ወርጄ ቀስ እያልኩ ሄድኩ።